ስልሳ አንደኛው ገጽ

የሰው ጽሑፍ ስተይብ አንዲት ፊደል እንኳ ከራሴ ጨምሬ አላውቅም እያልኩ ስምል ለኖርኩ ሴት ይህን ማውራት ቀላል አይደለም። አንድ ቀን ጨምሬያለሁ። የጨመርኩት ደግሞ ፊደል ሳይሆን ሙሉ ገጽ ነው። እንዴት እንደጨመርኩትና ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳላጋንን እነግራችኋለሁ፤ ማመን አለማመኑን ለእናንተ ትቻለሁ። እኔ ራሴ አንዳንድ ቀን አምነዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ትቼው ሥራዬን እሠራለሁ።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ላሊበላ ውስጥ ከቅዳሜ ገበያ ወደ ላይ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አልጋ እንኳ በማታስዘረጋ ጠባብ ክፍል፣ ኮምፒውተርና ፎቶ ኮፒ ማሽን ይዤ እሠራለሁ። ማመልከቻ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ያልተየብኩት የለም። ቤታችን ከሱቁ ጀርባ ነው። እናቴ ስትሮክ መትቷት ግራ ጎኗ ስለማይታዘዛት እዚያው ተኝታ ትውላለች፤ ስትፈልገኝ በቀኝ እጇ ግድግዳውን ታንኳኳለች። አንዴ ካንኳኳች ውኃ አምጪ፣ ሁለቴ ካንኳኳች ገልብጪኝ ማለቷ ነው። ከሁለት በላይ አንኳኩታ አታውቅም።

የምወደው ሰው ነበረኝ፤ ሙላት ይባላል፣ አስጎብኚ ነው። እንግዳ ከጠፋ በኋላ ሥራ ፈትቶ ከረመና ሐዋሳ አንድ ሆቴል ውስጥ ሥራ አገኘ። «ሽማግሌ ልላክና አብረን እንሂድ፤ እስከ እሑድ አስቢበት» አለኝ። «እናቴስ?» ብዬ አልጠየቅሁትም። ብጠይቀው «እንግዲያስ እኔም እቀራለሁ» እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ ቀርቶ ደግሞ እዚህ አደባባይ ላይ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ ማየት አልፈለግሁም። ስለዚህ ለብቻዬ ወሰንኩ፤ እሑድ ሲመጣ ሌላ ሰው አለኝ ብዬ እዋሸዋለሁ፣ ይናደዳል፣ ይሄዳል፣ ይኖራል። ይህን ሁሉ ጀግንነት ከየት አመጣሽው ትሉኝ ይሆናል። ስተይበው ከከረምኩት መጽሐፍ ነው ያመጣሁት።

መጽሐፉ የመምህር አያሌው ነው። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ እኔንም አስተምረውኛል። ሚስት ሳያገቡ፣ ልጅ ሳይወልዱ አርጅተው፣ ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው የራሳቸውን ጽሑፍ እንኳ ማንበብ አይችሉም። ለብዙ ዓመት በደብተር የጻፉትን ታሪካዊ ልብ ወለድ ደብተር በደብተር እያመጡ ይሰጡኛል፤ እኔ እተይባለሁ፣ ዓርብ ዓርብ ጠዋት ቤታቸው ሄጄ አነብላቸዋለሁ።

ታሪኩ የሚሆነው አብያተ ክርስቲያናቱ ከዓለት በሚፈለፈሉበት ዘመን ነው። ሀብተ የሚባል የባላባት ልጅ፣ ድንጋይ ጠራቢ፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ ትሩፋትን ይወዳል። ዘመዶቹ «የሸክላ ሠሪ ልጅ ካገባህ ከዘራችን ወጣህ» ይሉታል። ሀብተ ለሥራ ሩቅ አገር በሄደበት፣ ትሩፋት ከወገኑ እንዳትለየው ስትል ሳትሰናበተው ወደ ተራራው ትወጣና ትመነኩሳለች። የመነኮሰ ሰው ለዚህ ዓለም ሞቷልና በቁሙ ፍትሐት ይደረግለታል። በመምህር ድርሰት ውስጥ ትሩፋት በነጠላ ተሸፍና መሬት ላይ ትተኛለች፤ ፍትሐቱ ከመጀመሩ በፊት ካህኑ ወደ ሕዝቡ ዞረው ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ፦ «ይቺ ነፍስ የኔ ናት የሚል አለ?» የሚመልስ ካልተገኘ በቃ፣ ሞታለች። እዚያ ላይ ስደርስ እንባዬ የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ እየወረደ ነበር። ፍቅር ማለት ይሄ ነው ብዬ እርፍ አልኩ።

እና ያ ሐሙስ መጣ። ጳጉሜን ገብቷል፤ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሮ አልዘንብም ብሎ ቆሟል። የመጨረሻውን ደብተር ሽቦ አውጥቼ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ እያነሣሁ እተይባለሁ። መምህር በቅጠሉ አንድ ፊት ብቻ እየጻፉ ቁጥር ይሰጡታል። ስልሳኛው ገጽ በካህኑ ጥያቄ አለቀ። የሚቀጥለውን ሳነሣ ስልሳ ሁለት ይላል።

ሱቁን ገለባበጥኩት። ማሽኑን አነሣሁ፣ የቆሻሻ ቅርጫቱን ደፋሁ፣ ወንበሩን ሳይቀር ገለበጥኩ። ጠዋት ፎቶ ኮፒ የሚያስነሣ ሰው ተሰልፎ ነበርና ከአንዱ መታወቂያ ጋር ተደባልቆ ሄዷል ብዬ ደመደምኩ። «መምህር፣ ገጽ ጠፋብኝ» ማለት ነበረብኝ። ኩራቴ አልፈቀደልኝም። ዓይናቸው አያይ፣ ደብተሩን መልሰው አያነቡ፤ ማን ያውቅብኛል አልኩ። ሀብተ ሩቅ አገር ስለነበር የሚመልስ አልተገኘም ብዬ በሁለት መስመር ልዘጋው ተቀመጥኩ።

ግድግዳው ተንኳኳ። አንድ። ውኃ ልወስድላት ስነሣ እንደገና ተንኳኳ። ገልብጪኝ ማለቷ ነው ብዬ ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። በሩ ጋ ስደርስ ሦስተኛው ተንኳኳ።

ገባሁ። እናቴ ተኝታለች። እንቅልፏ የከበደ ነው፤ ደረቷ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ይወርዳል። ቀኝ እጇ ብርድ ልብሱ ውስጥ፣ ከጎኗ ሥር ነው። እጇን ነካሁት፤ ሞቅ ብሏል፤ እንደተኛ ሰው እጅ ላላ ብሏል። ከግድግዳው ወዲያ ከእኔ ባዶ ሱቅ በቀር ምንም የለም።

ፈራሁ፤ አልዋሻችሁም። ግን ሥራ አለብኝና ተመልሼ ተቀመጥኩና መተየብ ጀመርኩ። ስጨርስ ገጹ ሞልቷል። እንደ ልማዴ አትሜ ለማረም አነበብኩት፦

«ሀብተ ሩቅ አገር አልሄደም ነበር። ከሦስተኛው ዓምድ ኋላ ቆሟል። በቀኝ እጁ ለትሩፋት ያመጣውን የገብስ እሸት ይዟል። አንድ ጊዜ ተጠየቀ፤ እሸቱን ጨበጠው። ሁለተኛ ተጠየቀ፤ አጥብቆ ጨበጠው። ሦስተኛ ሲጠየቅ እሸቱ በመዳፉ ውስጥ ተፈልፍሎ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። አፉ ግን አልተከፈተም።»

ሀብተን ማን ከሩቅ አገር መለሰው? እኔ ለምን ብዬ? ከዚህ በፊት የተየብኳቸው ምዕራፎች በሙሉ ሀብተ ምንም አያውቅም ነው የሚሉት። እሸቱስ ከየት መጣ? ልሰርዘው እጄን ስዘረጋ መብራት ጠፋ፤ እስከ ማግሥቱም አልመጣ።

ዓርብ ጠዋት ከመምህር ፊት ተቀመጥኩ። ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው ያዳምጣሉ። የካህኑን ጥያቄ አነበብኩ። ዘልዬ ልለፈው ወይስ ላንብበው እያልኩ ሳመነታ «ቀጥዪ እንጂ፣ ዘውዴ» አሉኝ። ከድንጋጤዬ የተነሣ ያንኑ ገጽ አነበብኩት።

«አፉ ግን አልተከፈተም» ብዬ ቀና ስል የመምህር ቀኝ እጅ ምርኩዙን ለቆ ጭብጥ ብሏል። ጣቶቻቸው ነጥተዋል።

«ማን ነገረሽ?» አሉኝ። ድምፃቸው ክፍል ውስጥ ስንረብሽ ከሚቆጡበት ድምፅ ይልቅ ያስፈራ ነበር፤ ቀስ ያለ ነው።

«ማንም አልነገረኝም፣ መምህር። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ገጹ ጠፍቶብኝ ነው፤ ከራሴ ነው የጨመርኩት።»

«ገጹ አልጠፋብሽም» አሉ። «እኔ ነኝ የቀደድሁት። ያኔ አንቺ ገና አልተወለድሽም።»

ተነሥተው በዳሰሳ ወደ ግድግዳው ሄዱ። እዚያ በቆዳ ማኅደር ውስጥ የተንጠለጠለ ዳዊት አለ። አውርደው ከመካከሉ አራት የታጠፈ፣ ጠርዙ የቢጫ መልክ የያዘ ወረቀት አወጡና ዘረጉልኝ። «አንብቢው፤ ጮክ ብለሽ» አሉኝ።

ራሱ ነው፣ ስልሳ አንድ። ቃል በቃል ከእኔ ጋር አንድ ነው ብል እዋሻለሁ። እሳቸው ዓምዱ ስንተኛ እንደሆነ አልጻፉም፤ ዐረፍተ ነገራቸውም ረዘም ይላል። ነገር ግን ሀብተ ከዓምድ ኋላ ቆሟል። በእጁ የገብስ እሸት አለ። ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ሦስት ጊዜ ዝም ይላል። 

«ሀብተ የሚባል ሰው ኖሮ አያውቅም» አሉ መምህር። «እኔ ነኝ። ትሩፋት የምላት እዚህ ከኛ ከተማ ሥር የምትኖር የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረች። አባቴ አንተንም እሷንም አላውቅም አለኝ። ልትመነኩስ ነው ሲሉኝ ሮጬ ወጣሁ፤ ደረስኩም። ከዓምዱ ኋላ አጎቶቼን በበሩ በኩል አያቸዋለሁ። ጥያቄው መጣ።» በዳሰሳ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። «ከዚያ ይህን ሁሉ ዓመት የሷን መሥዋዕትነት ስጽፍ ኖርኩ። ጥሩ አድርጌ ነው የጻፍኩት፣ አይደል?»

«አልቅሼበታለሁ» አልኳቸው።

«አዎ። ያስለቅሳል። የሷን መውጣት ካሳመርኩት የኔን ፍርሃት የሚያየው የለም።»

ይህን ሲሉ ፊቴ ጋለ። ሐዋሳና እሑድ ትዝ አሉኝ። 

«በሕይወት አለች፤ ተራራው ላይ አሸተን ማርያም ገዳም ናት። ለሞተ ሰው ወሬ አይነገርም ብለው አንድም ቀን መልእክት የሚያደርስልኝ አላገኘሁም፤ እውነቱን ለመናገር አልለመንኩም። ዕድሜዬ ሳላውቀው ሊያልቅ ነው። ነገ ውጪና አንብቢላት። እዚያ እንደነበርኩ ሳታውቅ እንዳልሞት።»

«ይህን ላንብብላቸው?» አልኩ የእሳቸውን ገጽ እያነሣሁ።

«የለም፤ ያንቺን። የኔን የጻፈው ይቅርታ የሚፈልግ ሰው ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤት እናቴን እንድታይልኝ ለምኜ ወጣሁ። የአሸተንን መንገድ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ጉም ወርዶ ሁለት እርምጃ ፊት ያለው አይታይም። የገብስ ማሳዎቹ መካከል ሳልፍ ዛላው ነጠላዬን ይይዛል፤ አላቅቄ ስሄድ እንደገና ይይዛል። ከዓለቱ ስንጥቅ ውስጥ ስገባ ወፍ የለ፣ ደወል የለ፤ የራሴን ትንፋሽ ብቻ እየሰማሁ ነው የወጣሁት። አንድ ቦታ ላይ ቆሜ ለምን አልመለስም ብዬ ነበር። ከእኔ በፊት ይህን መንገድ እሸት ይዞ እየሮጠ የወጣውን ሰው ሳስብ እግሬ ራሱ ሄደ።

እማሆይን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ዓለት ተደግፋ በተሠራች ጎጆ ደጅ አገኘኋቸው። ትንሽ ናቸው፤ ፊታቸው የደረቀ፣ እጃቸው ግን ትልቅ ነው። ከጎናቸው ለጠበል መጠጫ የሚሆኑ ትናንሽ የሸክላ ኩባያዎች ተደርድረዋል። የአንዱ ጭቃ ገና እርጥብ ነው።

«እንዴት አደሩ፣ እማሆይ?»

«እግዜር ይመስገን። የማን ልጅ ነሽ፣ እናቴ?»

ነገርኳቸው። መልእክት እንደያዝኩም ነገርኳቸው። ሳቁ። «ለሞተ ሰው ደሞ ምን መልእክት አለው?»

«የሚነበብ ነው» አልኩ። አትንገሪኝም አንብቢልኝም አላሉም፤ ጭቃውን ማለስለስ ቀጠሉ። አነበብኩት።  ቀና ስል እጃቸው ቆሟል።

«ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ፣ እማሆይ።»

«እዚያ ነበርሽ?»

«የዛን ጊዜ አልተወለድኩም።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። «ልክ ነሽ» አሉ። «ሦስተኛው ዓምድ ነው።»

ታስታውሱ እንደሆነ፣ የመምህር ገጽ ስንተኛ ዓምድ እንደሆነ አይልም። ወረቀቱ ከእጄ ወደቀ፤ እሳቸው አንሥተው አፈሩን አራገፉልኝ።

«ያውቁ ነበር?» አልኩ።

«እህ! ነጠላ ቢሸፍኑብሽ ከሥሩ ይታያል እኮ። እግሩን አየሁት፤ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው፣ ሮጦ የመጣ። አንድ አሉ አባ። አሁን ይናገራል አልኩ። ሁለት አሉ። አሁን ይናገራል አልኩ። ሦስት ሲሉ ዝም።» ጭቃውን ከጣታቸው ጠረጉ። «ብዙ ዘመን ተቀይሜው ኖርኩ። ኋላ ስተኛ ስነሣ አሰብኩት። እኔስ አፍ አልነበረኝም? "የሱ ነኝ" ብዬ ነጠላውን ገልጬ ብነሣ ማን ይዞኛል? እሱ እኔን ይጠብቃል፣ እኔ እሱን እጠብቃለሁ። ለሱ ብዬ ነው ስል ጠይቄው እንኳ አላውቅም።»

ማልቀስ ጀመርኩ። ለእሳቸው ያለቀስኩ መስሏቸው እንዲተዉኝ ፈልጌ ነበር።

«አንቺዬ» አሉኝ ዝቅ ብለው፣ «የሰው መልእክት ያደረሰ ሰው እንዲህ አያለቅስም። ያንቺ ደሞ የት ነው የቆመው?»

«ነገ ይመጣል» አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሐዋሳን፣ እናቴን፣ ልዋሸው መሆኔን። አልመከሩኝም። ጉሙ ሳይብስ ውረጂ ብቻ አሉኝ። ተሰናብቼ ጥቂት እንደሄድኩ ግን ጠሩኝ፤ ተመለስኩ። ከነጠላዬ ጥለት ላይ የተጣበቀ የገብስ ዛላ ነቅለው በሁለት ጣት ያዙት።

«ሕዝቡ ከወጣ በኋላ ከዓምዱ ሥር ያፈሰሰውን እሸት አገኘሁት» አሉ። «የጳጉሜን ጾም ላይ ነበርኩ። ቆቡን ከደፋሁ፣ ከሞትኩ፣ ገና ሰዓት አልሞላኝም። አንድ በአንድ ለቅሜ በላሁት። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩትም። ሂጂና ንገሪው፤ እሸቱ አልባከነም፤ በልታዋለች በዪው።»

ያንኑ ቀን ከሰዓት ለመምህር ነገርኳቸው። ሌላውን ሁሉ በዝምታ ሰሙ። እሸቱ ላይ ስደርስ «በላችው?» አሉኝ። «በልተውታል» አልኩ። እንደገና «በላችው?» አሉኝ። ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው በማያይ ዓይናቸው መዳፋቸውን አዩት። ከዚያ እንደ ልጅ አለቀሱ፤ እኔም ተቀምጬ ጠበቅኋቸው። ሲረጋጉ «ገጽሽን አስገቢው፤ የሀብተን ሩቅ አገር ደግሞ አውጪው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የኖሩት አንድ ክረምት ብቻ ነው፤ መጽሐፉ ግን እንዳሉት ሆኗል።

እሑድ ሙላት መጣ። ቆሞ ነበር፤ ቁጭ በል አላልኩትም፤ ከተቀመጠ የምፈራ መሰለኝ። «ልዋሽህ ነበር» አልኩት። «ሌላ ሰው አለኝ ልልህ ነበር። የለኝም። እወድሃለሁ። እናቴን ትቼ መሄድ አልችልም፤ አንተም እዚህ ሥራ ፈትተህ ስትቀር ማየት አልችልም። ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም።»



ግድግዳው ተንኳኳ። አንድ። ሙላት ወለሉን እያየ ነው። እንደገና ተንኳኳ። ሁለት። ሦስተኛውን ጠበቅሁ።

«ሁለት ነው» አለ ሙላት ቀና ብሎ። «ገልብጡኝ ማለቷ ነው። አንቺ ትራሱን ያዢ፤ እኔ በትከሻዋ ልደግፋት።» እና ከእኔ ቀድሞ ገባ።

እናቴን አገላብጠን ስንጨርስ በሩ ላይ ቆሞ፦ «አንድ ዓመት ልሂድ፤ ሠርቼ እመለሳለሁ። ሽማግሌው ግን ዛሬውኑ ይመጣል። ሁለተኛ ግን ለኔ ብለሽ ያለኔ አትወስኚ» አለኝ። ሄዶ ሠራ፤ ዓመቱ ዓመት ተኩል ቢሆንም ተመለሰ። ይሄው አሁን ሱቁን ስዘጋ ከኋላ ድምፁ ይሰማኛል፤ ከእናቴ ጋር ዜና ይከራከራሉ።

ነገሩን የሰሙ ብልጦች ምክንያት ይፈልጉለታል። የተቀደደው ገጽ ላይ እስክሪብቶው ሲጫን ከሥሩ ባለው ቅጠል ላይ ጭረት ትቷል፣ ጣትሽ ያንን አንብቦ ነው ይሉኛል። ይሁን ብዬ ስልሳ ሁለተኛውን ቅጠል አውጥቼ አየሁት፤ ከሌላ ደብተር ተወስዶ የገባ ነው፤ መስመሩም ወረቀቱም ይለያል። እናቴንም ጠይቄያታለሁ። «ሦስት? ሦስት ምን ልል ነው የማንኳኳው?» አለችኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ለሰው ብላችሁ ከሰው የደበቃችሁት ነገር ካላችሁ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያገሬ ሰው ዝም አይነቅዝም ይላል። ይነቅዛል። አርባ ዓመት ነቅዞ፣ ዱቄት ሆኖ አይቼዋለሁ። የምትሰጡትን ስጡ፣ የምትተዉትንም ተዉ፤ ግን መጀመሪያ ያንን ሰው ጠይቁት።

አሁንም አንዳንድ ጊዜ ብቻዬን ስተይብ ግድግዳው ይንኳኳል። እቆጥራለሁ። እስካሁን ከሁለት አልፎ አያውቅም።